የሕዋስ አወዳደቅ፦ ራዶን፣ ዲኤንኤና የተሳሳተ ጥገና

ስለ ውድቀት ስናስብ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልኮች አንዱ ይታየናል፤ ወይ ቀስ በቀስ ማለቅ፣ ወይ በአንድ ጊዜ መፍረስ። የጤና መታወክንም በእነዚሁ ሁለት መልኮች እንገምታለን። መርዝ ከሆነ እያደር ያመነምናል፤ አደጋ ከሆነ በቅጽበት ይጥላል። ራዶን የሚባለው ጋዝ በሳምባ ሕዋስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከሁለቱም አይገጥምም። የተመታው ሕዋስ አይመነምንም፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሞትም። ይሰበራል፣ ራሱን ይጠግናል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ውድቀቱ የሚጀምረው ታዲያ ጥገናው የተሳካ በሚመስልበት በዚያው ሰዓት ነው።

የዚህ ሐተታ መከራከሪያ ይኸው ነው። ራዶን ሕዋሱን ገድሎት ቢሆን ኖሮ ሰውነት በሌላ ሕዋስ ይተካው ነበር፤ ጉዳዩም በዚያ ያበቃ ነበር። ካንሰር የሚመጣው ሕዋሱን ለመኖር ያበቃው የጥገና ሥርዓት፣ በትክክል ሊጠግነው ከማይችለው ስብራት ጋር ሲገናኝ ነው። ይህ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ለተመታ ሕዋስ «ትንሽ ራዶን» የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ውድቀቱን ማስቆም የሚቻለው ሕዋሱ ውስጥ ሳይሆን ቀድሞ፣ በምንተነፍሰው አየር ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስም ያጣ የተራራ በሽታ

ታሪኩ የሚጀምረው በዛሬዎቹ ጀርመንና ቼክ ሪፐብሊክ ድንበር ላይ በተዘረጉት የኤርዝጌቢርገ ተራሮች ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመን በኩል ሽኔበርግ፣ በ1516 ደግሞ በቼክ በኩል ዮአኪምስታል (የዛሬዋ ያኺሞቭ) የተቆረቆሩት ለብር ሲባል ነበር። ዮአኪምስታል ላይ የተመታው ብር ስሙን ለአውሮፓ ታለሮች ሁሉ አውርሷል፤ አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ የተገበያዩበት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብም የዚያው ዘር ነው። ብሩን ቆፍረው የሚያወጡት ሰዎች ግን ገና በጎልማሳነታቸው እያሳሉና እየመነመኑ ያልቁ ነበር። ከ1527 ጀምሮ በዮአኪምስታል በሐኪምነት የሠራው ጌኦርጊዩስ አግሪኮላ በ1556 በታተመው የማዕድን መጽሐፉ፣ በካርፓቲያን ተራሮች ማዕድን ማውጫዎች አካባቢ እስከ ሰባት ባሎቻቸውን በተከታታይ በዚህ ደዌ የቀበሩ ሴቶች መኖራቸውን መዝግቧል። ፓራሴልሰስም ስለ ማዕድን ሠራተኞች በሽታ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። የዘመኑ ሐኪሞች የጠረጠሩት አቧራውንና ከማዕድኑ የሚወጣውን ትነት ነበር። በጥርጣሬያቸው አልራቁም፤ አየሩ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል።

ይህን ደዌ በስሙ ለመጥራት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በ1879 የማዕድኑ ሐኪም ፍሪድሪሕ ሁጎ ሄርቲንግና የአውራጃው ሐኪም ቫልተር ሄሰ የሽኔበርግ ሠራተኞችን አስከሬን እየመረመሩ፣ ገዳዩ የሳምባ ነቀርሳ ሳይሆን ሳምባ ውስጥ የሚያድግ ክፉ ዕጢ መሆኑን አሳወቁ። ከሠራተኞቹ ሞት ሦስት አራተኛ ገደማውም በዚህ የመጣ ነበር። የሳምባ ካንሰር በተቀረው ሕዝብ ዘንድ እጅግ ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ ተራራ ውስጥ የአንድ ሙያ ሰዎችን ለይቶ ሲጨርስ ተገኘ።

ቀሪው የእንቆቅልሹ ክፍል የተፈታው በፊዚክስ ነው። በ1898 ማሪና ፒዬር ኩሪ ፖሎኒየምንና ራዲየምን ያገኙት ከዮአኪምስታል በመጣ ጥቁር ማዕድን ውስጥ ነበር። በ1900 ጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ኤርንስት ዶርን ራዲየም ጨረር ያለው ጋዝ እንደሚያመነጭ አስተዋለ። ያ ጋዝ ራዶን ነው። ሆኖም ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ በ1951 አሜሪካዊው ዊሊያም ቤል እስኪያሰላው ድረስ አንድ ነገር ሳይስተዋል ቆይቶ ነበር፤ ሳምባን ክፉኛ የሚመታው ጋዙ ራሱ ሳይሆን ጋዙ ሲፈርስ የሚተካው ነገር ነው።

በሰንሰለቱ መካከል ያለው ጋዝ

በድንጋይና በአፈር ውስጥ ያለው ዩራኒየም-238 በ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እኩሌታው ይፈርሳል። ሲፈርስ ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ ያም ሌላ፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ የማይፈርሰው እርሳስ-206 ላይ ሲደርስ ያበቃል። በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ማለት ይቻላል ጠጣር ብረቶች ናቸውና ከተፈጠሩበት ድንጋይ አይነቃነቁም። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ጋዝ ነው። ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት የሆነው ራዲየም-226 ሲፈርስ ራዶን-222 ይወለዳል፤ ራዶን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ከምንም ነገር ጋር መዋሐድ አይወድም። በዚህ ባሕርዩ ምክንያት በድንጋይ ስንጥቅና በአፈር ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወይም ወደ ቤት ምድር ቤት ይገባል። ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን ነው። ለመውጣት ይበቃል፤ በቤት ውስጥ እያለ ለመፍረስም ይረዝማል አይባልም።

ራዶን ሲተነፈስ አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል፤ ጋዝ ነውና አይጣበቅም። አደገኞቹ ልጆቹ ናቸው። ራዶን ሲፈርስ ፖሎኒየም-218፣ ከዚያም እርሳስ-214፣ ቢስሙዝ-214 እና ፖሎኒየም-214 በተራ ይከተላሉ። እነዚህ ጋዝ ሳይሆኑ ብረቶች ናቸው፤ በአየር ውስጥ ባለ አቧራና ጢስ ላይ ይለጠፋሉ፣ ሲተነፈሱም የአየር ቧንቧዎች በሚከፋፈሉበት መስቀለኛ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ሳምባ ቆሻሻን በአክታ ጠርጎ የማውጣት ችሎታ አለው፤ ይህ ግን ሰዓታት ይወስዳል። የእርሳስ-214 ግማሽ ዕድሜ 27 ደቂቃ፣ የቢስሙዝ-214 ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ነው። መጥረጊያው ሳይደርስ ይፈርሳሉ፤ በመጨረሻም ፖሎኒየም-214 ከሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አልፋ ቅንጣት ይተኩሳል።

አልፋ ቅንጣት ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን የያዘ ከባድ ቅንጣት ነው። ወረቀት ያግደዋል፤ የቆዳችን የላይኛው የሞተ ሽፋንም ያግደዋል። ስለዚህ ከሰውነት ውጭ ሆኖ ብዙም አይጎዳም። በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ግን የሞተ ሽፋን የለም። የራዶን ልጆች አልፋ ቅንጣት በሥጋ ውስጥ ከ40 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይዘልቃል፤ ለመከፈልና አዲስ ሕዋስ ለማፍራት የተዘጋጁት የቧንቧው ሕዋሳትም የሚገኙት በዚሁ ርቀት ውስጥ ነው። ርቀቱ ትንሽ ረዝሞ ቢሆን ጉልበቱ ይበታተን ነበር፤ ትንሽ አጥሮ ቢሆን እነሱ ጋ አይደርስም ነበር።

ኒውክለሱ ውስጥ የሚሆነው

የፖሎኒየም-214 አልፋ ቅንጣት 7.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዞ ይነሣል። የዲኤንኤን አተሞች የሚያያይዘው ኬሚካዊ ትስስር የሚበጠሰው በጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ቅንጣቱ መንገዱ ላይ ካገኛቸው ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይሄዳል፤ እስኪቆምም ከሁለት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይህን ያደርጋል። ኤክስሬይም ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ልዩነቱ አጣጣሉ ላይ ነው። ኤክስሬይ ጉልበቱን ወዲያና ወዲህ አራርቆ ይበትነዋል። አልፋ ግን በቀጥታ መስመር ላይ፣ በመቶ እጥፍ በሚቆጠር ጥግግት ያፈሰዋል። የጨረር ደኅንነት ሕግ ለእኩል የጨረር መጠን የአልፋን ጉዳት በሃያ እጥፍ የሚቆጥረው ለዚህ ነው።

የዲኤንኤ ድርብ ክር ወርዱ ሁለት ናኖሜትር ነው። አልፋ በዚህች ስፋት ውስጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሮን ሊነጥቅ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ክር ቆርጦ ሌላውን አይተውም፤ ሁለቱን ይቆርጣል፤ በቁርጡ ዙሪያ ያሉትን የዘረመል ፊደላትም ያበላሻል። ኤክስሬይ ከሚያደርሰው ጉዳት ትልቁ ድርሻ በተዘዋዋሪ የሚመጣ ነው፤ ውኃን ሰንጥቆ የሚፈጥራቸው ቁጡ ሞለኪውሎች ናቸው ዲኤንኤውን የሚያጠቁት፤ ሰውነትም እነዚህን የሚያበርድበት ኬሚካል አለው። የአልፋ ጉዳት ግን አብዛኛው ቀጥተኛ ነው፤ ምንም የሚያበርደው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እያንዳንዱ ሕዋስ ያለ ምንም ራዶን፣ ኦክስጅን በመጠቀሙና በሙቀቱ ብቻ፣ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ጉዳቶች ይደርሱበታል፤ ያስተካክላቸዋልም። ታዲያ አንዲት ቅንጣት የምታደርሰው ምን ሊጨምር? ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋው ጉዳትን በቁጥር ብቻ ስንለካ ነው። የዕለት ጉዳቱ በአብዛኛው አንድ ፊደል ወይም አንድ ክር ላይ ብቻ የሚወድቅ ነው፤ ተቃራኒው ክር ጤነኛ ስለሆነ ጠጋኙ ኢንዛይም ከእሱ እያየ ይመልሰዋል። የአልፋ ጉዳት ግን ዋቢውንም አብሮ ያጠፋል። አሥር ሺህ የተበታተኑ ጭረቶች የማያደርሱትን ጉዳት፣ በአንድ ቦታ የታጎሩ ጥቂት ስብራቶች ያደርሳሉ።

ጥገናውና የጥገናው ጠንቅ

ሁለቱም ክሮች ሲቆረጡ ሕዋሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው ያልተጎዳ ቅጂ ይፈልጋል። ሕዋሱ ለመከፈል ሲዘጋጅ ዲኤንኤውን ያባዛል፤ በዚህ ጊዜ ስብራት ከደረሰ ከሁለተኛው ቅጂ እየተመለከተ የጎደለውን ይሞላል። መንገዱ ትክክለኛ ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ አብዛኛው ሕዋስ አብዛኛውን ዕድሜውን በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ አያሳልፍም። ሁለተኛው መንገድ ዋቢ አይጠይቅም። ኩ የሚባለው ፕሮቲን የተቆረጡትን ጫፎች ይይዛል፣ ሌሎች ኢንዛይሞች የተበላሸውን ጫፍ ይከረክማሉ፣ በመጨረሻም ይገጥሟቸዋል። በየትኛውም ሰዓት ይሠራል፣ ይፈጥናል፣ ሕዋሱንም ከሞት ያድናል። የተሰበረ እግር ወጌሻ ሳያቃናው ቢገጥም ሰውየው መራመዱ አይቀርም፤ አጥንቱ ግን እንደ ጠመመ ይኖራል። ይህም ጥገና የሚመለከተው መግጠሙን እንጂ መቃናቱን አይደለም።

የአልፋ ስብራት ጫፉ የተበላሸና ብዙ በመሆኑ ስሕተቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። ጫፉ ሲከረከም ፊደላት ይጠፋሉ፤ አንዳንዴም በሁለት ስብራቶች መካከል ያለው ረጅም ቁራጭ ከነጭራሹ ይቀራል። ቁራጩ ተገልብጦ ሊገጥምም ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የአንድ ክሮሞዞም ጫፍ ከሌላ ክሮሞዞም ጫፍ ጋር ሲገናኝ ነው። በነዚህ ስሕተቶች መካከል አንድ ጨካኝ ምርጫ ይካሄዳል። በጣም የተበላሸው፣ ለምሳሌ ሁለት ማዕከል ያለው ክሮሞዞም የያዘው ሕዋስ፣ ሲከፈል ክሮሞዞሙ ለሁለት ተጎትቶ ይቆረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሞታል። ቁራጭ ቢያጣም መከፈል የሚችለው ግን ይተርፋል። ማለትም ግዙፉ ስሕተት ራሱን ያጠፋል፤ ልከኛው ስሕተት ልጅ ይወልዳል። ሚውቴሽን የምንለው ይህን የተረፈውን ስሕተት ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ በ1997 ቶም ሄይና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ሕዋሳትን በአልፋ የሚመታ ተመራማሪ የትኛው ሕዋስ ስንት ጊዜ እንደተመታ አያውቅም ነበር፤ አማካዩን ብቻ ነው የሚገምተው። እነሱ ግን በረቀቀ የጨረር መሣሪያ በእያንዳንዱ ሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ አንዲት አልፋ ቅንጣት ብቻ አሳለፉ። ከተመቱት ሕዋሳት ከመቶ ሰማንያ ሁለት ያህሉ ተረፉ። ከተረፉት ከ100,000ው ውስጥ ደግሞ 110 ያህሉ በሚመረመረው ዘረመል ላይ ሚውቴሽን ያዙ፤ ያለ ጨረር ከሚታየው በጉልህ የሚበልጥ ነው። ውጤቱ የዚህን ሐተታ ነጥብ በቁጥር ያስቀምጠዋል፤ አንዲት ቅንጣት ደካማ ገዳይ ናት፣ ብርቱ አበላሽ ግን ናት።

ከዚህ የሚከተለው አመክንዮ ከባድ ነው። በተራ ቤት ውስጥ ባለው የራዶን መጠን አንድ ሕዋስ በዕድሜው ሁለት ጊዜ በአልፋ መመታቱ እምብዛም አይደርስም። የራዶኑ መጠን በግማሽ ሲቀንስ የሚቀንሰው የሚመቱት ሕዋሳት ቁጥር ነው፤ የተመታው ሕዋስ የሚደርስበት ስብራት ግን ያው ነው። ቅንጣቷ ግማሽ ሆና አትመጣም። የጨረር ሳይንቲስቶች የራዶን አደጋ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ ከመጠኑ ጋር በቀጥታ ይወርዳል ሲሉ፣ አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው።

ያልተመታውና ያልተወለደው

ጉዳዩ ከተመታው ሕዋስም ይሻገራል። በ1992 ሐትሱሚ ናጋሳዋና ጆን ሊትል በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ ሕዋሳት ብቻ በአልፋ እንዲመቱ አድርገው ሲመረምሩ፣ ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ሕዋሳት ውስጥ በክሮሞዞም ቅጂዎች መካከል የቁራጭ መለዋወጥ ጨምሮ አገኙ። ማለትም የተመታው ሕዋስ ወደ ጎረቤቶቹ የሚልከው ምልክት ያልተነኩትንም ይረብሻል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሙኒራ ካዲምና ባልደረቦቿ በአልፋ የተመቱ የአይጥ የአጥንት መቅኔ ግንድ ሕዋሳትን ልጆች ተከታተሉ። ብዙ ጊዜ ከተከፈሉ በኋላ እንኳ በልጆቻቸው ላይ አዳዲስ፣ እርስ በርስም የማይመሳሰሉ የክሮሞዞም ስብራቶች ይታዩ ነበር። አባቱ ስብራቱን ብቻ ሳይሆን የመሰበር ዝንባሌንም አወረሰ ማለት ነው።

ውድቀት የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ነው። አንድ ሚውቴሽን ካንሰር አይደለም። ካንሰር ለመሆን የሕዋሱን እድገት የሚያፋጥኑ ዘረመሎች መከፈት፣ የሚገቱት መዘጋት አለባቸው። ከገቺዎቹ ዋነኛው ፒ-53 ነው፤ ዲኤንኤ ሲጎዳ መከፈልን ያቆማል፣ ጉዳቱ ካልተጠገነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። ይህን ዘረመል ያጣ ሕዋስ ተጨማሪ ስሕተቶችን ይዞ መኖር ይችላል። እንዲህ በደረጃ የሚከማች ነገር ስለሆነ፣ ቅንጣቷ ባለፈችበት ቅጽበትና ዕጢው በሚታይበት ቀን መካከል ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜም አሥርት ዓመታት ያልፋሉ።

ጥፋተኛው የማይለይበት ወንጀል

ሳይንቲስቶች ራዶን በካንሰሩ ላይ የራሱን አሻራ ይተው እንደሆነ ፈልገዋል። በ1994 ከአሜሪካ ኮሎራዶ አምባ የዩራኒየም ሠራተኞች የተወሰዱ 52 የሳምባ ዕጢዎች ሲመረመሩ፣ በ16ቱ ላይ በፒ-53 ዘረመል ቁጥር 249 ቦታ አንድ ዓይነት ለውጥ ተገኘ። የራዶን ፊርማ ተገኘ ተብሎ ተጻፈ። በኋላ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ግን፣ የማዕድን ሠራተኞችም ሆኑ ራዶን በበዛባቸው ቤቶች የኖሩ ሰዎች ዕጢዎች ላይ የተሠሩት፣ ያንን ፊርማ አላገኙም። ከላይ ያየነውን ካሰብን ይህ ሊያስገርም አይገባም። አንድን ፊደል በሌላ የሚተካ ኬሚካል ቦታ ይመርጥ ይሆናል፤ አልፋ ግን ያገኘውን ይቆርጣል፣ የሚቀረውን መልክ የሚወስነውም ጥገናው ነው። ፊርማው የጠጋኙ እንጂ የሰባሪው አይደለም።

ይህ ጉድለት በሰዎች ላይ የሚያስከትለው ነገር አለ። ለአንድ ታማሚ «ይህን ካንሰር ያመጣብህ ራዶን ነው» ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ተጠያቂ ለመሆን የማይፈልግ ሁሉ ከዚህ ጀርባ መሸሸግ ይችላል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለኒውክሌር መሣሪያ ዩራኒየም በገፍ ይገዛ ነበር። በኮሎራዶ አምባ ከቆፈሩት መካከል ብዙዎቹ የናቫሆ ተወላጆች ነበሩ። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1950 ጀምሮ ሠራተኞቹን ያጠና ነበር፤ ወደ ማዕድኖቹ ለመግባት ግን አደጋውን ለሠራተኞቹ ላለመንገር ተስማማ። የሽኔበርግ መረጃ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎታል። ጉድጓዱን በአየር ማናፈሻ ማጥራት የሚቻል ነበር። የፌዴራል መንግሥት የሥራ ሚኒስትሩ ዊላርድ ዊርትስ አስገዳጅ ገደብ ያወጁት በ1967 ነው፤ ለተጎጂዎች ካሣ የሚሰጠው ሕግ የወጣው ደግሞ በ1990። በምሥራቅ ጀርመንም ቪስሙት የተባለው ድርጅት ከ1946 ጀምሮ ለሶቪየት ኅብረት ዩራኒየም ሲያወጣ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞቹን ለከፍተኛ ራዶን አጋልጧል።

በ1990ው ሕግ ውስጥ አንድ ብልህነት ግን አለ። ታማሚው ዕጢው በራዶን የመጣ መሆኑን እንዲያረጋግጥ አልጠየቀም፤ ማዕድኑ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜና በምን ያህል መጠን እንደተጋለጠ ብቻ እንዲያሳይ ነው የጠየቀው። ከሞለኪዩሉ አሻራ ባይገኝም ከብዙ ሰዎች ታሪክ እውነት እንደሚገኝ ሕጉ ተቀብሏል ማለት ነው።

ከማዕድን ወደ መኖሪያ ቤት

የብዙ ሰዎች ታሪክ የሚነግረን ምንድን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ራዶንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ተርታ ያስገባው በ1988 ነው፤ መሠረቱ የማዕድን ሠራተኞች መረጃ ነበር። የቤት ራዶንን በተመለከተ ወሳኙ ሥራ በ2005 የወጣው የሣራ ዳርቢና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። አሥራ ሦስት የአውሮፓ ጥናቶችን አጣምረው፣ 7,148 የሳምባ ካንሰር ታማሚዎችን ከ14,208 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ለረጅም ጊዜ በሚተነፈሰው አየር ላይ በኪዩቢክ ሜትር 100 ቤኬሬል በተጨመረ ቁጥር የሳምባ ካንሰር ዕድል በ16 በመቶ ይጨምራል። አንድ መቶ ቤኬሬል ማለት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ በየሰከንዱ መቶ የራዶን አተሞች ይፈርሳሉ ማለት ነው።

መቶኛው ብቻውን ግን ያሳስታል። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው ያለ ራዶን እስከ 75 ዓመቱ በሳምባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ 0.4 በመቶ ነው፤ በ400 ቤኬሬል 0.7 በመቶ ይሆናል። ለአጫሹ ያው ጭማሪ ከ10 በመቶ ወደ 16 በመቶ ይወስደዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በአገሪቱ በየዓመቱ ወደ 21,000 ሰዎች ከራዶን ጋር በተያያዘ የሳምባ ካንሰር እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህ 2,900 ያህሉ አጭሰው የማያውቁ ናቸው። ሁለቱ መርዞች ሲገናኙ ጉዳታቸው ከድምራቸው ይበልጣል፤ የትንባሆ ኬሚካል ያበላሸውን ሕዋስ አልፋ ሲያገኘው፣ ወደ ውድቀቱ የሚወስዱት ጥቂት ደረጃዎች ብቻ ይቀሩታል።

አንድ ሌላ ተቃውሞ ደግሞ ከራሷ ከያኺሞቭ ይመጣል። በዚያች ከተማ በ1906 የራዶን ፍል ውኃ መታከሚያ ተከፍቶ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች እስከ ዛሬ ይሄዱበታል። ትንሽ ጨረር የጥገና ሥርዓቱን ያነቃቃል የሚሉ አሉ። ለአጭር ጊዜ ሕመም የሚያስታግስ ነገር መኖሩና የሳምባ ሕዋስ ዲኤንኤ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የጥገና ሥርዓቱ መነቃቃቱም ቢሆን ዋቢ ለጠፋበት ስብራት መፍትሔ አይሆንም፤ የችግሩ ምንጭ የጠጋኙ ስንፍና አልነበረምና። ከመኖሪያ ቤት የተሰበሰበው መረጃም በዝቅተኛ መጠን የሚከላከል ውጤት አላሳየም።

የራዶን ጉዳይ የተራ ቤት ጉዳይ መሆኑን ዓለም በደንብ የተረዳው በ1984 ነው። በፔንሲልቬኒያ አንድ መሐንዲስ በሚሠራበት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የጨረር መቆጣጠሪያውን ሲያስጮኽ፣ ማመንጫው ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ጨረሩን ያመጣው ከቤቱ ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ የተለካው ራዶን በኪዩቢክ ሜትር 100,000 ቤኬሬል ገደማ ነበር። ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። በብርድ አገር ቤቱ ተዘግቶ ሲሞቅ፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱን ለመሙላት ከሥር የአፈር ጋዝ ይሳባል፤ ምድር ቤቱም የመጀመሪያው ተቀባይ ነው። የሀበሻው ቤተሰብ በብዛት የሚኖርበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት ሲሸጥ ራዶን እንዲለካ በሕግ የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። ቤዝመንቱን አድሶ ለዘመድ ማረፊያ ወይም ለኪራይ የሚያዘጋጅ ሰው ከቀለሙ በፊት መለኪያውን ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ውድቀቱ የሚገታበት ቦታ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ከተቻለ 100 ቤኬሬልን፣ ካልተቻለ ደግሞ ቢበዛ 300ን ገደብ እንዲያደርጉ መክሯል። አሜሪካ ከ148 ቤኬሬል በላይ የሆነ ቤት እንዲስተካከል ትመክራለች። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ከወለሉ ሥር የሚነሣ ቱቦና የማያቋርጥ ማራገቢያ ጋዙን ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ስቦ ከጣራ በላይ ያስወጣዋል። ይህ ዘዴ ከሕክምናው ሁሉ የሚለየው ሕዋሱን ምንም ባለመጠየቁ ነው።

ለምን ይህ መንገድ ከሌላው እንደሚሻል ከላይ የተነገረው ሁሉ ያስረዳል። የሕዋሱን ጥገና ማፍጠን ስሕተቱን ያፈጥነዋል፤ ማዘግየት ሕዋሱን ይገድለዋል። ለመኖር የሚታገለውን ሥርዓት «ይህኛውን ስብራት ተወው» ብለን ልናዘው አንችልም። በሌላ በኩል የማዕድን ሠራተኞች መረጃ አንድ የሚያጽናና ነገር ያሳያል፤ መጋለጡ ከቆመ በኋላ ዓመታት እየተቆጠሩ ሲሄዱ የተጨመረው አደጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘግይቶ መለካትም ሆነ ዘግይቶ ማጨስ ማቆም ከንቱ አይደለም።

ሽኔበርግ ላይ ሐኪሞች ሬሳ መርምረው ያወቁትን፣ ኮሎራዶ ላይ ባለሥልጣናት እያወቁ ያዘገዩትን፣ ዛሬ ማንኛውም የቤት ባለቤት በትንሽ መሣሪያ ሊያውቀው ይችላል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነውን መቆጣጠር አልተሰጠንም፤ ስንት ሕዋስ እንደሚመታ መወሰን ግን ተሰጥቶናል። ራዶንን በተመለከተ ኃላፊነት የሚለካው በዚህ ነው፤ መለካት እየቻለ ያልለካ መንግሥት፣ አሠሪ ወይም አከራይ የጥገናውን ዕዳ ለሌላ ሰው ሳምባ አስተላልፏል።